የተጣበቀ ኦክስጅን ሴንሰር እንዴት ይፈታል?

ኦክስጅን ሴንሰር መኪናው ጭስ ማውጫ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባ፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚያሳውቅ ዕቃ ነው። ሙቀትና ዝገት ስለሚያጣብቁት በጉልበት ብቻ ከታገላችሁት የቱቦው ጥርስ ይበላል፤ ያኔ ኪሳራው እጥፍ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ በርዶ ሳለ ጥርሱ ላይ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አድርጋችሁ አሳድሩት። በጋለ ብረት ላይ ግን ዘይት እሳት ያስነሳል፣ ተጠንቀቁ። በማግስቱ የተረፈውን ዘይት ጠርጋችሁ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሱና አጥፉ፤ ብረቱ ሞቅ ሲል ዝገቱ ይላቀቃል። ወፍራም ጓንት አጥልቁ፣ ሽቦውን ንቀሉ፤ በ22 ቁልፍ (አብዛኛው ልኩ ይሄ ነው) ትንሽ አጥብቁት፣ ከዚያ አላሉት። እንዲህ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አውጡት። እንቢ ካለ አብርዳችሁ ዘይቱን ድገሙት።

አዲሱን ስትገጥሙ መጣበቅ የሚከላከለውን ቅባት ጥርሱን ብቻ ቀቡት፤ ጫፉን ከነካው ሴንሰሩ ይበላሻል። የመለማመጃ ዕቃችን ውሱን ነውና ከጉልበት ትዕግሥት ይበልጣል።