መኪና አጥቦ ሐላል ማደር

የሰው ልጅ ሲሳዩን ፍለጋ ከቤቱ ሲወጣ ኒያው ካማረና መንገዱ ሐላል ከሆነ ድካሙ ራሱ ዒባዳ ይሆንለታል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ካገኘው የተሻለ ምግብ በልቶ እንደማያውቅ፣ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር ማስተማራቸውን ኢማም ቡኻሪ ዘግበዋል። ገመዱን ይዞ ወጥቶ ጭራሮ ለቅሞ በጀርባው ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው፣ ሰዎች ቢሰጡትም ቢከለክሉትም ከሚለምን ሰው እንደሚሻልም ነግረውናል። እንግዲህ እንጨት ለቃሚው ይህን ያህል ከተከበረ መኪና አጣቢው የሚናቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የምናነሳው ያለ ነገር አይደለም። በወሎ መንደሮች ልጁን በበረሃና በባሕር ወደ ዐረብ አገር የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጅ ሲሄድ ዱዓ ይደረግለታል፤ መሬት ይሸጥለታል፤ ብድር ይገባለታል። ያው ልጅ «ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ እዚሁ መኪና ማጠቢያ ልክፈት» ቢል ግን ብዙው ወላጅ ፊቱን ያዞራል። «አስተምሬ አስተምሬ ጨርቅ ይዘህ ጎማ ልትፈትግ?» ይለዋል። የሞት አደጋ ያለበት መንገድ እንደ ክብር፣ በቀዬ የሚሠራው ሐላል ሥራ ደግሞ እንደ ውርደት መታየቱ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ያለ ንክኪ የሚያጥበው ዋሻ

በዛሬው ጊዜ ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚያዩት ማጠቢያ ከባልዲና ከጨርቅ የራቀ ነው። መኪናው በአንድ በኩል ቆሽሾ ይገባል፤ በሌላው በኩል ጸድቶ ይወጣል፤ የሰው እጅ አይነካውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914 በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ የተጀመረው ማጠቢያ መኪናውን ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው በእጅ እየገፋ ያሳልፍ ነበር። ዛሬ በሰዎቹ ቦታ ሰንሰለት፣ ሞተርና ኮምፒዩተር ተተክተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ማርሹን ነጻ አድርጎ ፍሬኑን ይለቃል፤ መሬት ላይ የተዘረጋው ሰንሰለት ጎማውን ይዞ መኪናውን ቀስ እያለ ይጎትታል። በመጀመሪያው ቦታ ላይ ቆሻሻውን የሚያላቅቅ ፈሳሽ ይረጫል። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው አሲድነት ያለው ሲሆን ሁለተኛው ቅባትን የሚሟሟ አልካላይን ነው። ቀጥሎ ከየአቅጣጫው በኃይለኛ ግፊት የሚወረወር ውኃ የላላውን ቆሻሻ ጠርጎ ያወርዳል። ከዚያ ጨውና ማዕድን በተጣራለት ውኃ ይለቀለቃል፤ በመጨረሻም ትላልቅ ማራገቢያዎች ያደርቁታል።

በጽዳት ትምህርት የታወቀ አንድ ሕግ አለ። ማንኛውም እጥበት በአራት ነገሮች ይሠራል፤ እነርሱም ኬሚካል፣ ፍትጊያ፣ ጊዜና ሙቀት ናቸው። አንዱን ብትቀንስ ሌላውን መጨመር ግድ ነው። እናቶቻችን ልብስ ሲዘፈዝፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጊዜውን ጨምረው ፍትጊያውን ይቀንሳሉ። ያለ ንክኪ የሚያጥበው ዋሻም ፍትጊያውን ጨርሶ ስላስቀረ የኬሚካሉን ጉልበትና የውኃውን ግፊት ከፍ ለማድረግ ይገደዳል። ጥቅሙ የመኪናው ቀለም በብሩሽ አለመጫሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከቀለሙ ላይ እንደ ስስ ልባስ የተጣበቀ ጭቃ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ መቻሉና የሚወጣው እጣቢ ብርቱ ኬሚካል ያለበት መሆኑ ነው።

ለኩታበር የሚበጀው የትኛው ነው?

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ተንታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የሚያልፉባት ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና ባጃጆች እንጂ በሰዓት በመቶ የሚቆጠሩ አውቶሞቢሎች አይደሉም። ዋሻው ግን ወጪውን የሚመልሰው ቀኑን ሙሉ መኪና ሳይቋረጥ ሲገባበት ነው። ሰንሰለቱ፣ ፓምፖቹና ማራገቢያዎቹ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋሉ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቆማል። አንድ መለዋወጫ ቢሰበር በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ስለዚህ በስልክ ያየነውን ሁሉ እንዳለ ወደ ቀያችን እናምጣ ማለት የማስተዋል ምልክት አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዋሻው ልንወስዳቸው የሚገቡ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ። እነርሱም ቆሻሻን በፍትጊያ ሳይሆን በመዘፍዘፍና በግፊት ማላቀቅ፣ ውኃን ለክቶ መጠቀም፣ እጣቢን አጣርቶ መልቀቅ ናቸው። እነዚህን ለመተግበር አንድ ጥሩ የግፊት ፓምፕ፣ አንድ ወይም ሁለት ሮቶ፣ የሲሚንቶ ወለልና በአግባቡ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃል። አራት ወይም አምስት ሆነው የተደራጁ ወጣቶች ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

የውኃው ሒሳብ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውኃ ደግሞ ትጥበት ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጆቹን አጋጥሞ የሚዘግነው ያህል ሲሆን አራት ሙድ አንድ ሷዕ ይሆናል። ለዒባዳ እንኳ ይህን ያህል ከቆጠቡ ለመኪና የምናፈሰው ውኃ ሒሳብ የለውም ማለት ይቻላልን?

ወጣቶች ሆይ! ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከጎማችሁ ሥር አስቀምጡና በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በሰዓት ተመልከቱ። በአንድ ደቂቃ ተኩል ከሞላ፣ ጎማውን ለ15 ደቂቃ ከፍቶ መተው 200 ሊትር ማለትም አሥር ጀሪካን ማፍሰስ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር የሚረጭና ምላጩን ሲለቁት የሚዘጋ የግፊት ፓምፕ ግን ውኃው በትክክል የሚረጭበት ጊዜ 5 ደቂቃ ቢሆን የሚወስደው 40 ሊትር ብቻ ነው። ልዩነቱ በአንድ መኪና 160 ሊትር፣ በቀን አሥር መኪና ቢታጠብ 1600 ሊትር ይሆናል። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ አንድ ሰው በችግር ጊዜ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልገዋል። እንግዲያው በየቀኑ የሚድነው ውኃ ከመቶ ለሚበልጡ ሰዎች የዕለት ውኃ ነው። ይህም እህቶቻችን በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት የሚወጡበት ሰማንያ ጀሪካን ማለት ነው።

ዝናብም አለን። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 1200 ሊትር ይቀበላል። የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ አንድ ሺህ ሊትር ወደ ሮቶ ቢገባ ለሃያ አምስት መኪና ይበቃል። በደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም ይዘንባል፤ ጭቃው የሚበዛውና የእጥበት ፈላጊ የሚበረክተውም በዚያው ወቅት ነው።

እጣቢው ወዴት ይሄዳል?

ከሁሉ የከፋው ልማድ መኪናን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ነው። ዘይቱ፣ ናፍጣውና ሳሙናው ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ከብት ይጠጣዋል፤ ገበሬው አትክልት ያጠጣበታል፤ አንዱም ውዱእ ያደርግበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ውኃ የሚቀዱበትን ቦታ፣ መንገድንና ጥላን ከሚያበላሽ ድርጊት አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ነገርን ወደ አካባቢ መልቀቅ ተከልክሏል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ወለሉን በሲሚንቶ አዘንብሎ እጣቢውን በተከታታይ ወደ ተሠሩ ሦስት ጉድጓዶች ማፍሰስ ነው። በመጀመሪያው አሸዋና ጭቃው ይዘቅጣል። በሁለተኛው ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። መውጫው ቱቦ ወደ ታች ታጥፎ ከመካከለኛው የውኃ ክፍል እንዲስብ ከተደረገ ዘይቱ ከውኃው ጋር አያልፍም። ከሦስተኛው የሚገኘው ውኃ ለጎማና ለመኪናው ሥር የመጀመሪያ እጥበት እንደገና ሊያገለግል ይችላል። የተንሳፈፈው ዘይት እየተቀዳ በበርሜል ይጠራቀም፤ ደለሉም በየጊዜው ይውጣ። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ሳሙና ሲበዛ ዘይትን ከውኃ ጋር ስለሚቀላቅለው ጉድጓዱ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ከጦሃራ አንጻር የሚነሳ ጥያቄ አለ። ከብት የጫነ አይሱዙ የታጠበበት ውኃ ተመልሶ ቢረጭ እንዴት ይሆናል? የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1398 ዓመተ ሂጅራ እንደወሰነው፣ ነጃሳ የገባበት ውኃ በዘመናዊ መንገድ ተጣርቶ በጣዕሙ፣ በቀለሙና በሽታው ላይ የነጃሳው ምልክት ከጠፋ ንጹሕ ይሆናል። የእኛ ሦስት ጉድጓድ ግን እዚያ ደረጃ የሚያደርስ አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ምንጊዜም በንጹሕ ውኃ ይሁን፤ አጣቢውም ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ልብስ ለብቻው ያስቀምጥ። ለዝርዝሩ የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

መነሻ ገንዘብ ያለ ወለድ

ብዙ ሙስሊም ወጣት ከሥራ የቀረው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ብድር ሁሉ ወለድ ስለነበረበት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ንግድን ፈቅዶ ሪባን እርም ማድረጉን የሚያውቅ ልጅ ከማበደሪያው ቢሮ በር ላይ ይመለስ ነበር። ዛሬ በሩ ጠባብ ቢሆንም ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው ሥራ ጀመሩ።

ለማጠቢያ መሣሪያ የሚስማማው ሙራበሃ የሚባለው ነው። ባንኩ ፓምፑንና ሮቶውን ራሱ ይገዛል፤ ከገዛ በኋላ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ በረጅም ክፍያ ይሸጥላችኋል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በመዘግየት ምክንያት አይጨምርም። ባንኩ ዕቃውን በእርግጥ ገዝቶ የእርሱ ካደረገ በኋላ መሸጡን አረጋግጡ፤ የሽያጭ ስም ያለው የገንዘብ ብድር ሐላል አይሆንም።

ሌላው ምንጭ ዘመድ ነው። በየቤቱ ከዐረብ አገር ላቧን ጠብ አድርጋ የምትልክ እህት አለች። ገንዘቧ ለግድግዳ ቀለምና ለድግስ ብቻ ከሚውል በሙዳረባ ቢሠራበት ይሻላል። እርሷ ገንዘቧን ታወጣለች፤ ወንድሟ ጉልበቱን ያወጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ለምሳሌ እኩል ይካፈላሉ። ወንድም ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ ከእርሷ፣ ድካሙ ከእርሱ ይሄዳል። «በየወሩ ይህን ያህል ብር ቁርጥ አድርገህ ላክልኝ» ማለት ግን ከሙዳረባ ያወጣዋል። ውሉም ይጻፍ፤ ምስክር ይቁም። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር የሚያዝ መሆኑ በከንቱ አይደለም። «እህትና ወንድም ምን ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል?» የሚለው አጉል ይሉኝታ ስንት ቤተሰብ አፋቷል!

አማና የዚህ ሥራ ካፒታል ነው

ሾፌር መኪናውን ከነቁልፉ ሲሰጥ አማና እየሰጠ ነው። ወንበር ሥር የወደቀ ሳንቲምም ቢሆን ለባለቤቱ ይመለስ። ዋጋ በሰሌዳ ተጽፎ ይለጠፍ እንጂ እንደ ሰው አለባበስ አይቀያየር። ያልታጠበ የመኪና ሥር «ታጥቧል» ተብሎ ገንዘብ አይወሰድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርጥቡን እህል ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ ያደረገውን ነጋዴ አይተው ያታለለ ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናግረዋል። ከላይ አብረቅርቆ ከሥር ጭቃ ያለበት መኪናም ያው ነው። ተቀጥሮ የሚያጥብ ልጅ ካለም ደመወዙ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው።

የሙያው ሥርዓትም ይጠበቅ። ደረቅ አቧራ በጨርቅ ሲጠረግ ቀለሙን ይጭራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይርጠብ። ጎማው ቀድሞ ይታጠብ፤ ለጎማ የዋለ ጨርቅ አካል ላይ አይውጣ። የግፊቱ አፈሙዝ ወደ ሰው አካል አይዙር፤ ውኃው ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላልና። በእርጥብ እጅ የፓምፑ ሶኬት አይነካ፤ ኬሚካል የሚይዝም ጓንትና ጫማ ያድርግ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለተወሰነ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች እየበዙ ነው። የሚሞሉበት ቀዳዳ መዘጋቱ ሳይታይ ውኃ አይረጭባቸው። እነዚህ መኪኖች የሞተር ዘይት ባይቀይሩም መታጠባቸው አይቀርምና ሥራው የነገም ሥራ ነው።

በመጨረሻ ወላጆች የሚፈሩትን እናንሳ። ማጠቢያ ቦታ የጫት መቃሚያና የሥራ ፈት መዋያ ይሆናል ይላሉ። ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ነገር ግን ቦታውን የሚያበላሸው ሥራው ሳይሆን ሥርዓት ማጣቱ ነው። ማጠቢያው የጁሙዓ ሰዓት ሲደርስ የሚዘጋ፣ ለደንበኛ መቀመጫና ለሶላት ንጹሕ ጥግ ያለው፣ ጫት የማይገባበት ቢሆን ሾፌሩም ቤተሰቡን ይዞ ይመጣበታል። አባት ቅር ብሎት ከሚርቅ ይልቅ ከዐስር በኋላ ብቅ ብሎ ልጁ ሲሠራ ቢያየው፣ የቅሬው ሽማግሌዎችም የማጠቢያ ቦታ ለሚጠይቁ ወጣቶች ከቀበሌው ጋር ቢነጋገሩላቸው ብዙ ነገር ይቃናል። ልጅን ወደ በረሃ ለመሸኘት የሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ እንኳ ፓምፕና ሮቶ ይገዛል።

አላህ (ሱ.ወ.) ወጣቶቻችንን በሐላል ሲሳይ ከሐራም ያብቃቃቸው፤ በእጃቸው ሥራ ላይ በረካን ያውርድላቸው። አሚን።