አንድሮይድ መኪና ውስጥ ሲገባ

«አንድሮይድ ቴፕ ግጠምልኝ» የሚል ደንበኛ ጎንደር ላይ በዝቷል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ስለሆነ ላስረዳ።

አንድሮይድ አውቶ የሚሠራው ስልካችሁ ላይ ነው፤ የመኪናው ስክሪን ማሳያ ብቻ ነው። አንድሮይድ አውቶሞቲቭ ግን ከነነፍሱ መኪናው ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፖልስታር 2 መኪና ጋር ገበያ ላይ ወጣ። እኛ ዘንድ በርካሽ የሚሸጠው ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ የታብሌት አንድሮይድ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው የኋላ ማርሽ ሲገባ ነው። ስልክ ለመነሳት ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅበት ማንም አይቆጣም። የኋላ ካሜራ ግን አይጠብቅም፤ የአሜሪካ ሕግ ምስሉ በ2 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ያስገድዳል። ስለዚህ በአውቶሞቲቩ ካሜራውን የሚያሳየው ክፍል ቀሪው ሥርዓት ተነስቶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ለብቻው እንዲሠራ ተደርጓል። ፍጥነትን፣ ማርሽንና የእጅ ፍሬንን ከመኪናው የሚያነብ ክፍልም አለው፤ እየነዳችሁ ቪዲዮ የሚዘጋው በዚያ ነው።

በርካሹ ቴፕ ላይ ቪዲዮ የመዝጋቱን ሥራ የምትሠራው ከእጅ ፍሬኑ የምትመጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። «ከቦዲ ጋር አገናኛትና ፊልም እያየሁ ልንዳ» የሚሉኝ አሉ። አላደርገውም፤ በተለይ ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰው።

ካርታን በተመለከተ፦ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ካርታው ግን ካልተጫነ ባዶ ስክሪን ነው። ወደ ዳባትና ደባርቅ ከመውጣታችሁ በፊት ከተማ እያላችሁ አውርዱት።