ራውተር ሲመርጡ መጀመሪያ አንገቱን ይዩ

መጋዝ፣ መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ብዙ ነገር መሥራት ይችላል። የጠረጴዛው ጠርዝ እጅ የማይወጋ ክብ እንዲሆን፣ የመደርደሪያው ጣውላ ጎን ሳንቃው ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ እንዲገባ፣ የበሩ ማጠፊያ ከእንጨቱ ጋር እኩል ተኝቶ እንዲቀመጥ፣ የመሳቢያው ወለል ያለ ምስማር እንዲያዝ ሲፈልግ ግን እነዚህ ሦስቱ አይበቁትም። አናጺዎች ይህን ሁሉ በመሮና በመዶሻ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ሥራውን ወደ ደቂቃዎች ያወረደው ራውተር ነው። መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው፤ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ የተያዘ ስለት፣ ሁለቱንም ተሸክሞ እንጨቱ ላይ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ እግር።

ራውተር ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው፤ ሻጩም አጉልቶ የሚነግረው እሱኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ተራው ግን ገና ነው። ከእሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ምን ልሠራበት ነው? ስለቱን ጨብጦ የሚይዘው አንገትስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ለሁለቱ መልስ ያገኘ ሰው የጉልበቱ ነገር ብዙ አያስጨንቀውም።

ደግሞም ሣጥን ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ሁልጊዜ አይታመንም። በአሜሪካ ገበያ ለረጅም ጊዜ ስም ያተረፉት ዲዋልት 618 እና ቦሽ 1617 ሁለቱም ባለ 2 ከሩብ የፈረስ ጉልበት ተብለው ነው የሚሸጡት። ከሶኬት የሚወስዱት 12 አምፔር ነው። በ120 ቮልት ሲባዛ 1,440 ዋት ይመጣል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ፣ ሞተሩ የተቀበለውን ኤሌክትሪክ አንዲት ሳያባክን ወደ ሥራ ቢለውጠው እንኳ 2 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ባለ 3 ከሩብ የሚባሉትም 15 አምፔር ወሳጆች ናቸው፤ ይህ 1,800 ዋት ነው፣ ወደ ፈረስ ጉልበት ሲቀየር 2.4 ገደማ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ሞተሩ ለቅጽበት የሚደርስበትን ጣሪያ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ገላ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ የሰፈረውን ዋት ወይም አምፔር ያንብቡ፤ ሁለት ማሽኖችን በትክክል ማወዳደር የሚቻለው በዚህ ነው።

በመጠን ሲታዩ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አሉ። ትንሹ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ከ500 እስከ 700 ዋት አካባቢ የሆነ፣ ክብደቱ 2 ኪሎ የማይሞላ ነው። ማኪታ አርቲ 0700 ለምሳሌ 710 ዋት ሲሆን ፍጥነቱን ከ10,000 እስከ 30,000 ማስተካከል ይቻላል። ይህ ዓይነቱ ማሽን ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈን ፎርማይካ ትርፍ ለመከርከም የተፈጠረ ነው። ዛሬ ከዚያ አልፎ ጠርዝ ያከባል፣ የማጠፊያ ቦታ ይቆፍራል፣ ሳንቃ ላይ ጽሑፍ ይቀርጻል። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ አናጺ ከሚሠራው ውስጥ ትልቁ ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሹን መናቅ አይገባም። የሚቸገረው ጥልቅ ቦይ ሲቆፈር፣ የበር ሳንቃ ዙሪያ ሲቀረጽ፣ ወፍራም ወይራ ሲገጥመው ነው።

መካከለኛው ከ1,200 እስከ 1,600 ዋት የሚወስደው ነው፤ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ትልቁ ከ2,000 ዋት በላይ ነው። የማኪታው አርፒ 2301 2,100 ዋት ሲሆን ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። 6 ኪሎ በሁለት እጅ ይዞ የጣውላ ጠርዝ ላይ ሚዛን መጠበቅ ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለው ማሽን እውነተኛ ቦታው ጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ሲታሰር ነው። ለቤት የመጀመሪያ ማሽን አድርጎ መግዛቱን አልደግፍም።

እግሩም ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚ እግር ላይ ጥልቀቱ አንዴ ተስተካክሎ ይታሰርና እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም፤ ለጠርዝ ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም። ጠላቂው እግር ደግሞ ሁለት ምሰሶዎች ላይ በሞላ የቆመ ነው። ማሽኑን ጣውላው መሃል ላይ ያቆሙታል፣ ያስነሡታል፣ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት ስለቱ እየዞረ ይገባል፤ ሲለቁት ሞላው መልሶ ያነሣዋል። ከጠርዝ ሳይነሣ መሃል ላይ ጉድጓድ ወይም ቦይ ለመጀመር የሚያስተማምነው ይህ ነው። ሁለቱንም እግሮች ከአንድ ሞተር ጋር አድርገው በአንድ ሣጥን የሚሸጡ አሉ። በጀቱ ከቻለ ለቤት ሥራ የምመርጠው ይህንን፣ በመካከለኛ መጠን ነው። አንድ እግር ብቻ የሚገዛ ሰው ጠላቂውን ይግዛ፤ ጠላቂን ቆልፎ እንደ ቋሚ መሥራት ይቻላል፣ ቋሚን ግን ማጥለቅ አይቻልም።

አሁን ወደ አንገቱ። ስለቱ ዘንግ አለው፤ ዘንጉን የሚይዘው ኮሌት የሚባል፣ በቁመቱ የተሰነጣጠቀ የብረት ቀለበት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱ ተጨምቆ ዘንጉን ያንቃል። በዚህ ትንሽ ብረት ላይ ሕይወትም ሥራም የተንጠለጠለ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ ማየት ተገቢ ነው።

የተለመዱት የዘንግ መጠኖች 6 ሚሊ ሜትር፣ ሩብ ኢንች፣ 8 ሚሊ ሜትር፣ 12 ሚሊ ሜትርና ግማሽ ኢንች ናቸው። የአሜሪካ ማሽኖች ሩብና ግማሽ ኢንች፣ የአውሮፓዎቹ ባብዛኛው 6፣ 8 እና 12 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። የዘንግ ውፍረት ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፣ በጥንካሬ ግን በእጅጉ ይራራቃል። ዘንግ ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው፤ ማለትም ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው 16 እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ኢንች ከሩብ ኢንች 16 ጊዜ ይጠነክራል። ከ6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ማለፍ ራሱ ጥንካሬውን ከ3 እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ቀጭን ዘንግ ያለው ረጅም ስለት እንጨት ውስጥ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፣ የቦዩ ግድግዳ ሞገድ ይይዛል፣ ሲብስም ዘንጉ ይሰበራል። ጉልበት ያነሰው ማሽን በትዕግሥት ይካካሳል፤ 12 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በአንድ ጊዜ ከመውሰድ በ3 ወይም በ4 ዙር ይወሰዳል። የቀጠነ ዘንግ መንቀጥቀጥ ግን ዙር ሲጨመርለት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ ማሽን ይፈልጉ የምለው ስለዚህ ነው።

መጠን መቀላቀል ደግሞ አደጋ ነው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ጋር በዓይን አይለይም። ግማሽ ኢንችም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ12ቱ ጋር ይመሳሰላል። 6 ሚሊ ሜትር ስለት ሩብ ኢንች ኮሌት ውስጥ ሲገባ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፤ ሥራ ላይ ግን ስለቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ቦዩ ሳይታሰብ ይጠልቃል፣ አልፎም ስለቱ በሙሉ ፍጥነት ሊወጣ ይችላል። ማሽኑ ከአንድ አገር፣ ስለቱ ከሌላ አገር በሚመጣበት ገበያ ይህ በቀላሉ የሚገጥም ነገር ነው። ስለት ሲገዙ ማሽኑን ወይም ኮሌቱን ይዘው ይሂዱ፣ ዘንጉንም በካሊፐር ያስለኩ። ስለቱን ሲያስገቡ እስከ ታች ከደረሰ በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መለስ አድርገው ያጥብቁት፤ ወለሉን ነክቶ ከጠበቀ ኮሌቱ በሚገባ አይጨምቀውም።

ሌላው ያለ ድርድር መኖር ያለበት የፍጥነት ማስተካከያ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለት በደቂቃ 24,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል። 60 ሚሊ ሜትር የሆነው ስለት በዚያው ዙር ቢሽከረከር ጫፉ በሰከንድ 75 ሜትር ይደርሳል፤ ይህ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ስለቱ በሰፋ ቁጥር ዙሩ መቀነስ አለበት፤ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ላለው 24,000 ድረስ፣ ለ50 ሚሊ ሜትር 18,000 ገደማ፣ ከዚያ ለሰፋው 12,000 እና 16,000 መሃል። የስለቱ አምራች የጻፈው ጣሪያ ካለ እሱ ይቅደም። ማስተካከያ የሌለው ባለ አንድ ፍጥነት ማሽን ትንንሽ ስለት ብቻ እንዲጠቀሙ ያስገድድዎታል። ሲነሣ ዝግ ብሎ የሚጀምርና ጫና ሲመጣበት ዙሩን የሚጠብቅ ኤሌክትሮኒክስ ቢኖረው ደግሞ እሰየው ነው፤ እንጨቱ ላይ የሚቀረውን የተቃጠለ ጥቁር ምልክት ይቀንሳል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልዎ ከሆነ ቮልቱን አስቀድመው ያስቡበት። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያው 220። በቀጥታ ከሰኩት ሞተሩ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይቃጠላል። የራውተር ሞተር ካርቦን የሚጠቀም ዓይነት ስለሆነ የ60 እና የ50 ኸርዝ ልዩነት አይጎዳውም፤ ችግሩ ቮልቱ ነው። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይሠራል፣ ለ1,440 ዋት ማሽን ግን 2,000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ያስፈልጋል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከኤምሬቶች የሚመጣው በዚህ በኩል ሰላም ነው፤ ምናልባት የሶኬት መለወጫ ቢፈልግ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ መብራቱ እንደጠፋ ማብሪያውን ማጥፋት ልማድ መሆን አለበት። ተከፍቶ የተረሳ ራውተር መብራት ሲመለስ ራሱ ይነሣል። ይህን የሚከለክል መከላከያ ያላቸው ማሽኖች አሉ፤ ሻጩን ይጠይቁ።

ስለቱ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ በእጅ ሲሠራ በጣውላው ውጫዊ ጠርዝ ዙሪያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በውስጥ ክፍት ለምሳሌ በፎቶ ፍሬም ውስጠኛ ጠርዝ ደግሞ በሰዓት አቅጣጫ ይገፋል። አቅጣጫው ከተገለበጠ ስለቱ እንጨቱን እንደ ጎማ ይዞ ማሽኑን ከእጅ ይነጥቃል። እጀታው ከእጅዎ ጋር መስማማቱን፣ ማብሪያው እጀታውን ሳይለቁ የሚደረስበት መሆኑን ሱቅ ውስጥ ይዘው ያረጋግጡ። የአቧራ መሳቢያ ቱቦ የሚገጠምበት አፍ እንዳለውም ይዩ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ በዝግ ክፍል ኤምዲኤፍ የሚቆፍር ሰው አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይግዛ።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ሶኬቱን ነቅለው የሞተሩን ዘንግ በጣትዎ ወደ ጎን ይግፉት። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። በእጅ ሲያዞሩት የሚያንኳኳም እንዲሁ ነው። ኩሽኔታና ካርቦን በርካሽ ይቀየራሉ። ኮሌቱ ከተበላ ወይም የሚቀመጥበት የሞተር ዘንግ ከተጫረ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተውት። ጠላቂ እግር ከሆነ ደጋግመው ይጫኑት፤ ምሰሶዎቹ ላይ ካነቀ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ የሚቆፍረው ጉድጓድ ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ከገንዘብዎ ለስለት ያስተርፉ። 30 እና 50 ስለት የያዙት ርካሽ ሣጥኖች ያጓጓሉ፤ ከውስጣቸው ቤት ውስጥ የሚያገለግሉት ግን ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ቶሎ ይደንዛሉ። ጫፋቸው ካርባይድ የሆነ አራት ስለት ቢገዛ ለረጅም ጊዜ ይበቃል። 12 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ለቦይ፣ ጠርዝ የሚያከብ ባለ ኩሽኔታ፣ ጠርዝ ላይ ደረጃ የሚያወጣ ባለ ኩሽኔታ፣ ከፎርማ ጋር እኩል የሚከረክም ባለ ኩሽኔታ። ኩሽኔታው ጠርዙን ተደግፎ ስለሚሄድ ጀማሪው መስመር ለመጠበቅ አይቸገርም። ካርባይድ ያልሆነ ተራ የብረት ስለት በዋንዛ ላይ ያምርበታል፤ ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ውስጥ ያለው ሙጫ ግን ወዲያው ያደነዝዘዋል። የቤት ዕቃ አሁን በብዛት ከሁለቱ ስለሚሠራ፣ አንድ የካርባይድ ስለት ከብዙ ተራ ስለቶች ይልቅ ገንዘቡን ይመልሳል።