ጀጎል ውስጥ አዲስ ቤት ከመሥራታችሁ በፊት

የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ቤት ሊሠሩ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ግን ስለ ቅርስ አይደለም፤ «ይዞታው የራሴ ነው፤ ጎረቤቴ ምን አገባው?» ነው። እንደ አርክቴክት መልሴ፦ ያገባዋል።

ባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል። ቤተሰቡ ከሰው ዓይን ተከልሎ የሚኖረው እዚያ ነው። አጠገቡ ባለ ፎቅ የብሎኬት ቤት ቆሞ ሰፊ መስኮት ሲከፈትበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ፣ ቡና የሚፈላበት ጥግ ሁሉ ይታያል። በእኔ እምነት በጎረቤታሞች መካከል ጠቡን የሚያከርረው የዘመናዊነት ጥላቻ ሳይሆን ይህ ነው።

ግድግዳውም አለ። በድንጋይና በጭቃ የታነጸ የጋራ ግድግዳ ሥር ለኮንክሪት መሠረት ሲቆፈር ሊሰነጠቅ፣ ሊናድም ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት ግድግዳውን ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

የተሻለ መጸዳጃና ወጥ ቤት መፈለግ መብት ነው፤ ሁለቱም የቤቱን ቁመት ሳይጨምሩ ይሠራሉ። ፕላኑን ለፈቃድ ከማስገባታችሁ በፊት ለጎረቤት አሳዩት። በዚያ ደረጃ መስኮት ማዛወር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።