ልማድ ሕግ በሆነ ጊዜ

ክፉ ልማድ በሰው አፍና በሰው ዓይን ብቻ ሲኖር በምክርና በትምህርት ሊነቀል ይችላል፤ ሕግ ሆኖ በማኅተም ከጸና ግን ልጅ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። ለዚህም የአሜሪካ ታሪክ ምስክር ነው።

በዚያ አገር ባርነት በ1865 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከተሻረ በኋላ፥ በ1868 የጸናው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ አዘዘ። ይሁን እንጂ የሉዊዚያና ግዛት በ1890 ባወጣው ሕግ ነጮችና ጥቁሮች በምድር ባቡር በየፉርጎአቸው ተለይተው እንዲሳፈሩ ደነገገ፤ ፉርጎዎቹም እኩል ይሁኑ አለ። ነገር ግን የሌላውን ዘር ሕፃን የምትጠብቅ ሞግዚት በዚሁ ሕግ ከክልከላው ነጻ ነበረች። እንግዲህ ጥቁሪቱ ሴት የነጭ ሕፃን ታቅፋ ስትገባ የሚከለክላት የለም፤ ለራሷ ጉዳይ ስትገባ ግን ሕግ አፍራሽ ትባላለች። የተጠላው አገልጋይነቷ ሳይሆን እኩልነቷ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በ1892 በኒው ኦርሊንስ ከተማ አንዳንድ ዜጎች ይህን ሕግ በዳኛ ፊት ለመሞገት ስለ መከሩ፥ ሆመር ፕሌሲ የተባለው ጫማ ሰፊ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ቈርጦ ከነጮቹ ፉርጎ ገባና ተያዘ። ነገሩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1896 ሲፈረድ 7 ዳኞች ሕጉን አጸኑት። ምክንያታቸውም፥ ሕግ አውጪው የሕዝቡን ልማድ ተመልክቶ ሊደነግግ ይችላል፤ ጥቁሮቹም በመለየታቸው የተዋረዱ ቢመስላቸው ከራሳቸው አስተሳሰብ የመጣ ነው የሚል ነበር። ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ብቻ፥ ባሮች ከነበሩት ቤተ ሰብ የተወለዱ ሲሆኑ፥ ሕገ መንግሥቱ ዜጎችን በቀለም አይለይም ሲሉ ተቃወሙ።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ በሕግ፥ ሕጉም በልማድ እየተደገፈ መለያየቱ ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ሆስፒታልና ወደ መቃብር ቦታ ተስፋፋ፤ በአንዳንድ ፍርድ ቤትም ነጩና ጥቁሩ ምስክር የሚምሉበት መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ የተለያየ ነበር። እኩል የተባለውም ቃል በወረቀት ቀረ፤ ለጥቁሮች ትምህርት ቤት በደቡብ ግዛቶች የሚመደበው ገንዘብ ለነጮቹ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነበርና።

በ1954 የዚያው ፍርድ ቤት 9 ዳኞች በአንድ ቃል ሆነው፥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃናትን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚቃወም ነው ሲሉ ፈረዱ፤ በ1964 የወጣውም ሕግ በሆቴልና በምግብ ቤት እንዳይለያዩ ከለከለ። ፕሌሲ ግን በ1897 25 ዶላር ተቀጥቶ፥ በ1925 ሞቶ ነበር፤ የሉዊዚያና አገረ ገዢ ምሕረት የሰጡት በ2022 ነው።

በአንድ ቀን የተነበበውን ፍርድ ለማፍረስ 58 ዓመት አስፈለገ። ስለዚህ ሕግ የሚያወጣና ፍርድ የሚሰጥ ሰው እኩል የሚለውን ቃል ሲጽፍ፥ የቃሉን ማማር ሳይሆን በድኻው ላይ የሚያፈራውን ፍሬ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።