የዘበኛችን ጫማና የመንግሥት ግዥ



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ መንግሥት ግዥ ጥቂት እንድናገር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የተነሣው ከአንድ ጥንድ ጫማ ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት በር የሚጠብቁት ሽማግሌ እንደ ማንኛውም የጥበቃ ሠራተኛ በየዓመቱ የደንብ ልብስና ጫማ ይሰጣቸዋል። ያለፈው ዓመት ጫማ ሲታይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና ለዓይን የሚያምር ነበር። ነሐሴ ሳይጋመስ ግን ሶሉ ተገንጥሎ በሲባጎ ታስሮ አየሁት። ላዩም ቆዳ ሳይሆን በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ኖሯል። «ጋሼ፣ ምን ሆነ?» ብላቸው፣ «መምህር፣ በጨረታ ያሸነፈ ጫማ ነው፤ በጭቃ ግን ተሸነፈ» ብለውኝ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ይህ የሆነው በሞጆ ነውና። ሞጆን በዓይኑ ያላየ መንገደኛ እንኳ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርድ በአፍንጫው ያውቃታል። ነፋሱ በዞረ ቀን የቆዳ ፋብሪካዎቻችን ሽታ እስከ መማሪያ ክፍል ይገባል፤ ወንዛችንም የፋብሪካዎቹን እጣቢ ተሸክሞ ይወርዳል። መንግሥት ቆዳው እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲያልቅ በማሰብ በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ። ይህ መልካም አሳብ ነበር። ታዲያ ቆዳው እንዳይወጣ በቀረጥ የከለከለው መንግሥት፣ ራሱ ገዢ በሆነ ጊዜ ለዘበኛው የፕላስቲክ ጫማ ቢያለብስ ነገሩ እንዴት ይገጥማል? ያ ጫማ ምናልባት ከጅቡቲ ተጭኖ በዚሁ በእኛው ደረቅ ወደብ አልፎ ይሆናል። ሽታው ለእኛ፣ ሥራው ለሌላ ማለት ነው።

የግዥ ኮሚቴ አባሎችን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እኔም ሁለት ዓመት በኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ነበር ችግሩን አውቀዋለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዋጋዎቹ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ከሁሉ ያነሰው ይከበብበታል። ርካሹን የመረጠ ሰው በኦዲተር አይጠየቅም። ሃምሳ ብር ያስበለጠ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። እንዲህ ሲሆን ማን ራሱን ለጥያቄ ያቀርባል? ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ጫማ 1,000 ብር ሆኖ አራት ወር ቢያገለግል፣ ሁለተኛው 1,800 ብር ሆኖ ዓመት ቢዘልቅ፣ ርካሹ የትኛው እንደ ሆነ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያሰላዋል። በወረቀታችን ላይ ግን የወሩን ቍጥር የምንጽፍበት ዓምድ አልነበረም።

ብዙዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች «ሕጉ አይፈቅድም» እንላለን። ሕጉ ግን እንዲህ አላለም። የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 649/2001 ለአገር ውስጥ ምርትና ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። ተከትሎት በ2002 ዓ.ም. የወጣው መመሪያም መጠኑን ወስኗል፤ ለአገር ውስጥ መድኃኒት 25፣ ለሌሎች የአገር ውስጥ ዕቃዎች 15፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ። አሠራሩም ቀላል ነው። የውጭው ዕቃ 100 ብር ቢሆንና የአገሩ 110 ብር ቢሆን፣ ለማወዳደር ብቻ 15 በመቶው ታስቦ የአገሩ ዕቃ ይመረጣል፤ የሚከፈለው ግን ያው 110 ብር ነው። አነስተኛ ተቋማትም የጨረታ ሰነድ ያለ ዋጋ እንዲወስዱ፣ በባንክ ዋስትና ፈንታም ካደራጃቸው አካል ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ዛሬ በፌዴራል ደረጃ አዋጁ በአዲስ ተተክቷል፤ ቍጥሩም 1333/2016 ነው። ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው።

መንግሥት ሲገዛ ሥራ ሊፈጥር እንደሚችል በጎረቤታችን በአዳማ በዓይናችን አይተናል። የድንጋይ ንጣፍ፣ ሰው ሁሉ ኮብልስቶን የሚለው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በከተሞቻችን ሲስፋፋ፣ ገዢው የከተማው አስተዳደር፣ ሻጮቹም የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። አንዱ ቡድን ድንጋዩን ከካባ ይፈነቅላል፤ ሌላው በመዶሻና በመሮ እየጠረበ በቍጥር ይከፈለዋል፤ ሦስተኛው አሸዋ ላይ ይደረድራል። ለአስፋልት ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ለሬንጅና ለትልልቅ መኪና በወጣ ነበር፤ እዚህ ግን አብዛኛው በሰው እጅ ገብቶ በዚያው ሳምንት ለጉሊትና ለቤት ኪራይ ዋለ። «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ይጠርባል» እየተባለ ብዙ መሳለቂያ መሆኑን አስታውሳለሁ። በበኩሌ ድንጋይ ጠርቦ እናቱን ያኖረ ተማሪዬን ሳየው አላፈርሁበትም፤ ያፈርሁት በሳቁበት ነው። በአዲስ አበባም የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ብሎኬቱን፣ የብረት በሩንና መስኮቱን አያሌ አነስተኛ ተቋማት አቅርበዋል።

ይህን ስል ግን የአገር ልጅ ስለ ሆነ ብቻ ይገዛለት ማለቴ አይደለም። «ለአገሬ ልጅ» የተባለው ቶሎ «ለአጎቴ ልጅ» እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን። ያደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለአዳሪዎቹ እንጀራውንና ወተቱን ከመንደሩ ሴቶች ይገዛ ነበር። ነገር ግን መጋቢዋ ሚዛናቸውን በሩ ላይ አኑረው ይመዝናሉ፤ ውኃ የነካው ወተት የባልቴትም ቢሆን ይመለሳል። ደግሞም ሒሳቡ በየቅዳሜው ይከፈላል። ይህን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያደረገ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ ብዙ አላየሁም።

በተለይ ሁለተኛው፣ ማለት ክፍያው፣ ብዙ ሰው የማያነሣው ስለ ሆነ ልቆይበት። ከተማሪዎቼ መካከል አምስቱ በብረታ ብረት ሥራ ተደራጅተው የመማሪያ ዴስክ ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ ለእኛ ካመጡት 30 ዴስክ ውስጥ ዘጠኙ ብየዳቸው ደካማ ስለ ነበረ መለስንባቸው። አኰረፉ፤ ግን አስተካክለው አመጡ። እነዚያ ዴስኮች ዛሬም ተማሪ ይቀመጥባቸዋል። በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ትእዛዝ ሲያገኙ ብረቱን በዱቤ ገዝተው በቀኑ አስረከቡ። ክፍያው ግን ሰባት ወር ዘገየ። አንድ ቀን ፈራሚው የለም፣ አንድ ቀን በጀቱ አልተለቀቀም፣ አንድ ቀን ሞዴል 19 ደረሰኝ ጎደለ እየተባለ ተመላለሱ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው። ባለብረቱ ሲያስጨንቃቸው የብየዳ ማሽናቸውን ሸጡ፤ ገንዘቡ ሲመጣ ሥራው አልነበረም። ሁለቱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ። ትልቅ ነጋዴ ቢሆን ከባንክ ተበድሮ ይጠብቅ ነበር፤ አምስት ወጣት ግን በምን ይጠብቃል? በጨረታ አስተያየት ተደርጎላቸው በሒሳብ ክፍል የተገደሉ ብዙዎች ይመስሉኛል።

በውጭ አገርም ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት መጥረጊያና መወልወያ ሲገዛ ዓይነ ሥውራን ከሚሠሩባቸው ድርጅቶች እንዲገዛ አዘዙ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ሕጉን ለሌሎች ከባድ የአካል ጉዳተኞች አሰፉት። እንግሊዞችም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከመግዛታቸው አስቀድሞ ግዥው ለአካባቢው ሕዝብ ምን ጥቅም እንደሚያስገኝ እንዲያስቡበት አስገድደዋል።

እኛ ደግሞ ብዙ ሳንርቅ በሐምሌ በሚከፈተው በጀት ልንጀምር እንችላለን። በጫማው ዝርዝር መግለጫ ላይ «ላዩ ከእውነተኛ ቆዳ፣ ሶሉ የተሰፋ፣ ቢያንስ ዓመት የሚያገለግል» ተብሎ ይጻፍ። የአሸናፊው ናሙና ታሽጎ በግምጃ ቤት ይቀመጥና ርክክቡ በእርሱ ይመዘን። ለመላው ወረዳ የሚሆነውን ጫማ በአንድ ጨረታ ከማውጣት ይልቅ በሞጆና በአዳማ ያሉ ጫማ ሠሪዎች በሚችሉት መጠን ተከፋፍሎ ይውጣ። የተረከበ መሥሪያ ቤትም በ30 ቀን ውስጥ ይክፈል፤ ካልከፈለም የዘገየበትን ምክንያት የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያስረዳ፤ እኛ ኮሚቴዎቹ ስለ ሃምሳ ብር እንደምናስረዳው ማለት ነው።

የሚመለከተው ባለሥልጣን ጫማውን ማየት ቢፈልግ፣ ሽማግሌው ከነሲባጎው በዘበኛ ቤቱ በር ኋላ አስቀምጠውታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሞጆ