የቁማርተኛው ሒሳብና የፓስካል ውርርድ

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 የወርቅ ሳንቲም አስይዘው ቁማር ተቀምጠዋል። ቀድሞ ሦስት ዙር ያሸነፈ 64ቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። አንደኛው ሁለቴ፣ ሌላኛው አንዴ እንዳሸነፉ ግን ጨዋታው ተቋረጠ። ገንዘቡን እንዴት ይካፈሉ?

ይህን መሰሉን ጥያቄ ለፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ለብሌዝ ፓስካል ያቀረበለት ሼቫሊዬ ደ ሜሬ የሚባል ቁማር ወዳድ ባላባት ነበር። ፓስካል በ1654 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሌላው ሊቅ ከፒዬር ደ ፌርማ ጋር በደብዳቤ ሲመካከር ቆይቶ መልሱን አገኘ። እየመራ ያለው ሰው ቀጣዩን ዙር ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ ሁለት ለሁለት ይሆኑና 32 ይደርሰዋል። ስለዚህ 32ቱ ያለ ክርክር የእሱ ነው። የቀረው 32 ላይ የሁለቱም ዕድል እኩል ስለሆነ እኩል ይካፈሉታል። ለመሪው 48፣ ለተከታዩ 16። ዛሬ የመድን ድርጅቶች ዓረቦን የሚተምኑበት የዕድል ስሌት መሠረት የተጣለው በእነዚህ ደብዳቤዎች ነው።

በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 23፣ ፓስካል ሌላ ነገር ገጠመው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ የቆየ ብርቱ መንፈሳዊ ስሜት አደረበትና ያየውን በጽሑፍ አስቀመጠ። ለማንም ግን አልተናገረም። በ1662፣ በ39 ዓመቱ ሲሞት፣ ጽሑፉ ከኮቱ ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ተገኘ።

የቁማሩ ሒሳብና የዚያች ሌሊት እምነት የተገናኙት ከሞተ በኋላ፣ በ1670፣ ወዳጆቹ «ሐሳቦች» ብለው ባሳተሙለት ማስታወሻዎቹ ውስጥ ነው። እንደ ፓስካል አባባል እግዚአብሔር አለ ወይም የለም፤ በአእምሮ ብቻ መቁረጥ አይቻልም። «እኔ አልወራረድም» ማለትም አይሆንም፤ የሚኖር ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም ከጨዋታው ገብቷል። አምነህ እግዚአብሔር ካለ ትርፍህ መጨረሻ የለውም። አምነህ ከሌለ የምትከስረው ጥቂት ነው። ሳታምን ቀርተህ ካለ ግን ያንን ማለቂያ የሌለውን ትርፍ ታጣለህ። ሳታምን ቀርተህ ባይኖርም የምታተርፈው ያችኑ ጥቂት ነው። ወሰን የሌለው ነገር በአንዱ ሚዛን ላይ ከተቀመጠ፣ ዕድሉ የቱንም ያህል ቢያንስ ሚዛኑ ወደዚያው ያጋድላል። «ብታምን ምን ትጎዳለህ?» እያለ የሚሞግት ሰው ሁሉ፣ የፓስካልን ስም ባይሰማም፣ ይህንኑ ስሌት እየደገመ ነው። ሐሳቡ በመሠረቱ የፓስካል ብቻ አይደለም። በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊም ተመሳሳዩን አቅርበዋል።

ስሌቱ ያማረ ነው። ችግሩ ምርጫው ሁለት ብቻ መሆኑን አስቀድሞ መወሰኑ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲዴሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ኢማምም በዚሁ መንገድ ሊከራከር ይችላል ብሎ ነበር። ሁለት ሃይማኖቶች እያንዳንዳቸው ወሰን የሌለው ደስታና ወሰን የሌለው ቅጣት ካቀረቡ፣ ሒሳቡ የትኛውን ምረጥ እንደሚል አይታወቅም። የአገሩ ሰው ጸሐፊው ቮልቴር በበኩሉ በ1734 ይበልጥ ቀጥ ያለ ነገር ተናገረ፤ አንድ ነገር እውነት ቢሆን ለሰው የሚጠቅመው መሆኑ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢን ቆም የሚያደርገው ግን የአሜሪካዊው ፈላስፋ የዊልያም ጄምስ ምሳሌ ነው። ጄምስ በ1896 ባቀረበው ንግግር፣ የሱዳኑ ማህዲ ለአሜሪካውያን ደብዳቤ ጽፎ «ብትቀበሉኝ ወሰን የሌለው ደስታ ታገኛላችሁ፣ እምቢ ብትሉ ከብርሃን ትለያላችሁ፤ እንግዲህ አመዛዝኑ» ቢላቸው ብሎ አሰበ። አመክንዮው የፓስካል ነው፤ ሰሚዎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም፤ ምርጫው ለእነሱ የሞተ ነውና። ጄምስ ይህን ሲናገር የማህዲ ተከታዮች፣ አገራችን «ደርቡሽ» ብላ የምታውቃቸው፣ ጎንደርን ካቃጠሉ ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበር። ለአጼ ዮሐንስ 4ኛ የእስልምና ጥሪ በእውነተኛ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀበሉም፤ በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። ለአሜሪካዊ ተማሪ ቀልድ የነበረው ምሳሌ እዚህ የጦር ሜዳ ነበር።

ያው ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ከዚያ ቀደም፣ በ1878፣ ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ ሙስሊም መሪዎችን ከጥምቀትና ከሥልጣናቸው አንዱን እንዲመርጡ አድርገዋል። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም የወሎ ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጠልሃን የመሰሉት አመጹ። የተቀሩት ብዙዎች «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም» ሆነው ኖሩ። የጥቅምና ጉዳት ስሌት ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊያደርሰው ይችላል፤ እምነት ውስጡ መግባቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓስካል ይህን ክፍተት ያውቀው ነበር። «ማመን አልቻልኩም» ለሚለው ተከራካሪው የሰጠው መልስ፣ እንደሚያምኑት ሰዎች አድርግ፣ ጸበሉን ተጠቀም፣ ቅዳሴውን አስቀድስ፣ ልማዱ ቀስ በቀስ ልብህን ይገራዋል የሚል ነው። ጄምስ አልተዋጠለትም። እግዚአብሔርን ብንሆን ኖሮ እንዲህ አስልቶ የመጣውን አማኝ ከዋጋው ማስቀረት ደስ ባለን ነበር አለ። ጄምስ ትንሽ ጨክኗል። ብዙ ሰው ጾም የጀመረው በልጅነቱ፣ ቤተሰቡን አይቶ እንጂ መርምሮ አምኖ አይደለም፤ እምነቱ ኋላ የመጣለት ጥቂት አይደለም።

ከሁሉ የሚያከራክረው «የምትከስረው ጥቂት ነው» የሚለው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ማመን በምድርም ያዋጣ ነበር፤ ክህደት ነበር የሚያስከፍለው። በ1697 ኤድንበርግ ውስጥ ቶማስ አይከንሄድ የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ በአምላክ ላይ ተሳልቋል ተብሎ ተሰቅሏል። አልባኒያ ደግሞ በ1967 መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ ዘግታ ራሷን ኢአማኒ መንግሥት ብላ አወጀች፤ እዚያ አማኙ ነበር ከፋዩ። በእኛም አገር በ1979 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ታፍነው ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ብለው ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። እነዚህን ሰዎች ምን ትከስራላችሁ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የአይከንሄድም ነገር እንደዚያው ነው።

ፓስካል ራሱ ያስያዘው ጥቂት አልነበረም። በሞተበት ዓመት ፓሪስ ውስጥ በአምስት ሶል ክፍያ ሕዝብ የሚጭን የሠረገላ መስመር ከወዳጆቹ ጋር ከፈተ፤ ከትርፉም ድርሻውን ለብሉዋ ከተማ ድሆች ሊልክ አስቦ ነበር። ለእሱ ውርርዱ የክርክር ማሸነፊያ ሳይሆን፣ በቁማር ቋንቋ ብቻ የሚሰማ ወዳጅን ከወንበሩ ማስነሻ ነበር።

ስለዚህ የፓስካልን ገጽ እንደ ማስረጃ የሚያነብበው ሰባኪም፣ ቀልድ ብሎ የሚያልፈው ኢአማኒም አጋማሹ ላይ አቁመዋል። ሒሳቡ የእግዚአብሔርን መኖርም አለመኖርም አያሳይም፤ ሃይማኖት ከሃይማኖትም አይመርጥም። የሚያሳየው ሁለቱም ወገን ሳያረጋግጥ የሚያስይዘው ነገር እንዳለው ነው፤ መጠኑም ከሰው ሰው፣ ከዘመን ዘመን እጅግ ይለያያል።